የዳታ አያያዝ ዕቅዱን ማን ያነበዋል? የምርምር ዳታ ድጋፍ በዩኒቨርሲቲያችን እንዴት እንደተደራጀ

በመስከረም 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ ብዙ ሰው ልብ ያላለው አንድ ግዴታ ይዟል። በመንግሥት ገንዘብ ምርምር የሚሠራ ሰው የዳታ አያያዝ ዕቅዱን (ዳታው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና በመጨረሻ ምን እንደሚሆን የሚገልጸውን ሰነድ) ለምርምር ቢሮና ለቤተ መጻሕፍት አቅርቦ ማስጸደቅ አለበት ይላል። የታተመ ጽሑፍና ቴሲስ በነፃ እንዲነበብ የሚለውን ክፍል ሁሉም ያውቀዋል። ዕቅዱ ከቀረበ በኋላ ማን ቁጭ ብሎ እንደሚያነበው ግን እኛ ጋ የሚያውቅ አልነበረም።

የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ ዲጂታል ክፍል ውስጥ ነው። ደብዳቤው ከፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ወጥቶ፣ በምርምር ዳይሬክቶሬትና በአይሲቲ በኩል ዞሮ በመጨረሻ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። «የምርምር ዳታ ድጋፍ ሥራን በተደራቢነት እንዲያስተባብሩ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። በመዋቅሩ ውስጥ መደብ የለም፣ በጀት የለም፣ የሥራ ዝርዝር የለም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሳችሁ ወይም ሊደርሳችሁ ላለ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ በተሰበሰብንበት ቀን ያወራነው ስለ ሰርቨር ነበር። እንዲህ ባለ ስብሰባ ሰርቨር መነሳቱ አይቀርም፤ ሰርቨር በጨረታ ይገዛል፣ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛል። የተማሪዎችን ቴሲስ የምናስቀምጥበት ዲስፔስ የሚባል ሶፍትዌር ስላለን «እሱ ላይ ዳታ የሚል ክፍል ክፈቱና ይጫን» ያሉም ነበሩ። ቴሲስ ግን ፈታኞች ያዩት፣ የተፈረመበት፣ በአንድ ፒዲኤፍ ያለቀ ነገር ነው። ዳታ ሲመጣ የሰው ስልክ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ሆኖ ይመጣል፤ «ቪ17» የሚለው ዓምድ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዳታውን ያስገባው ልጅ ብቻ ሆኖ፣ ልጁም ተመርቆ ሄዶ ይመጣል።

ስለዚህ ከሰርቨሩ በፊት አንድ ሴሚስተር ያህል የሚመጣውን ጥያቄ ብቻ በደብተር ልመዝግብ ብዬ ጠየቅሁ። የምርምር ዳይሬክተሩ ፈቀዱልኝ፤ ምንም ወጪ ስለሌለው ሳይሆን አይቀርም። ማንኛችሁም ብትሆኑ ከዚህ እንድትጀምሩ እመክራለሁ፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልግ የነገረኝ ያ ደብተር ነው። ዳታዬን የት ልጫን ብሎ የመጣ ሰው በጣም ጥቂት ነበር። የሚመጡት ገና መረጃ ሳይሰበስቡ ወይም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበር። የፒኤችዲ ተማሪ ላፕቶፑ ተሰርቆ ይመጣል፤ ሁለተኛው ቅጂ ፍላሽ ላይ ነበረ፣ ፍላሹን ቫይረስ በልቶታል። ሌላው የመስክ ዳታው ያለው መጠይቅ በስልክ በሚሞላበት በኮቦ ቱልቦክስ ላይ ነው፤ አካውንቱን የከፈተው ግን በግል ኢሜይሉ የሱፐርቫይዘርነት ሥራ የሠራ የኮንትራት ሠራተኛ ነው፣ ስልኩም አይነሳም።

የቀንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ተብሎ ኤክሴል ውስጥ ሲገባ፣ ኤክሴል የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ስለሚያነበው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ዝም ብሎ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንም እንዲሁ ናት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። የባሰው ግን ሳይጮህ የሚያልፈው ነው፤ 12/4 ብትሉት ታኅሣሥ መሆኑን ሳያውቅ ኤፕሪል አድርጎ በጸጋ ይቀበላችኋል። የክትባት ዕድሜ በሚሰላበት ጥናት ላይ ይህ ምን እንደሚያደርስ ገምቱት። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች አስገብቶ በኋላ በአንድነት መቀየር ነው። ይህን መጠይቁ ሳይታተም የሚናገር ሰው ከየትኛውም ሰርቨር ይበልጣል።

ደብተሩን የሞላው ትልቁ ጉዳይ የስምምነት ቅጹ ነው። ከዓመት ዓመት እየተገለበጠ በሚሄደው ቅጽ ላይ «መረጃው ከተመራማሪው በቀር በማንም አይታይም፤ ጥናቱ ሲያበቃም ይወገዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ተሳታፊው ይህን ሰምቶ ፈርሟል፤ መጻፍ የማይችል ከሆነም አሻራውን አድርጓል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጽሑፉ ለጆርናል ሲላክ አዘጋጁ ዳታውን አቅርቡ ይላል፤ የገንዘብ ሰጪው ውልም ዳታው እንዲቀመጥ ያዛል። በዚህ ጊዜ ተመራማሪው ወይ ለተሳታፊው የገባውን ቃል ያፈርሳል፣ ወይ ውሉን ያፈርሳል። ማንም ባለሙያ ቢመጣ በዚያ ሰዓት የሚያደርግለት ነገር የለም፤ መስተካከል የነበረበት ቅጹ ጥናቱን መርምሮ በሚያጸድቀው ሥነ ምግባር ቦርድ ፊት ሳይቀርብ ነው።

አሁን የምናቀርበው አማራጭ አጭር ነው፦ «ስሜና አድራሻዬ ከወጣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ለጥናት ሊጠቀሙበት ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ለብቻው እሺ ወይም እምቢ የሚባልበት ሳጥን ያለው። እምቢ ያለ ሰው ከጥናቱ አይወጣም፤ ከሚጋራው ፋይል ውስጥ ብቻ ይወጣል። ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃም እንናገራለን። የቀበሌው ስም፣ ዕድሜና ሙያ አንድ መስመር ላይ ካሉ በቀበሌው ያለችው ብቸኛዋ አዋላጅ ነርስ ማን እንደሆነች አገሩ ሁሉ ያውቃል። የተቀረጸ ድምፅ ደግሞ ራሱ ማንነት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕግ አለበት። አዋጁን ካነበባችሁ በኋላ የጤና ዳታን በግል ቴሌግራም መላላክ አንጀታችሁ አይፈቅድም።

ከዚህ ተነስቼ የደረስኩበት፣ ዛሬም የምሟገትለት ነገር ይህ ነው። ድጋፉን የሚሰጠው ሰው መቀመጥ ያለበት ፕሮፖዛሉ ወደ ሥነ ምግባር ቦርድ ከሚያልፍበት በር አጠገብ ነው። ቢሮው ቤተ መጻሕፍት ይሁን የምርምር ዳይሬክቶሬት ብዙም ለውጥ የለውም፤ ዕቅዱ ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ እጁ ላይ መድረሱ ነው ዋናው።

ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገው ማየት ጠቅሞኛል፤ ሆኖም እንዳለ የሚገለበጥ አላገኘሁም። ኔዘርላንድስ ያለው የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በእያንዳንዱ ፋኩልቲ አንድ የዳታ ባለሙያ መመደብ ያዘ። እነዚህ ሰዎች ሙሉ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ቢሯቸው ከተመራማሪዎቹ ጋር ነው፣ ከመሥኩ የመጡ ናቸው፣ የሚያስተባብራቸው ግን ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ መንገድ ጀመረ፤ በየዲፓርትመንቱ ያሉ ፈቃደኛ ተመራማሪዎች ለባልደረቦቻቸው ምክር ይሰጣሉ፣ ማዕከሉ ያሠለጥናቸዋል። ኤዲንብራ ቤተ መጻሕፍቱና አይሲቲው በአንድ አመራር ሥር ስለሆኑ የማከማቻ ቦታውም ምክሩም ከአንድ ቤት ይወጣል፤ የዳታ ፖሊሲውንም እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያጸደቀው። በእንግሊዝ ብዙዎቹን ያንቀሳቀሳቸው ገንዘብ ሰጪው ነው። የምህንድስናና ፊዚካል ሳይንስ ምርምር ካውንስል እስከ ሜይ 2015 ድረስ ዩኒቨርሲቲዎቹ መስፈርቱን እንዲያሟሉ ቀን ቆርጦ ስለነበረ ያን ሰሞን ሰው መቅጠር ግድ ሆነባቸው። አሜሪካም ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2011 ጀምሮ ከእያንዳንዱ ፕሮፖዛል ጋር የዳታ ዕቅድ ሲጠይቅ ሥራው በብዛት ቤተ መጻሕፍት እጅ ወደቀ።

ከሦስቱ እኛን የሚያምረን የዴልፍቱ ነው፤ የምንችለው ደግሞ የካምብሪጁን ይመስላል፣ በፈቃደኝነት። ይህ ግን እኛ ጋ አይሠራም ብዬ አምናለሁ። የኛ መምህር ኑሮው በትርፍ ሰዓት ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ኤክስቴንሽን ያስተምራል። በፈቃደኝነት ና ብትሉት በመጀመሪያው ሥልጠና ይመጣል፣ ሰርተፊኬት ይቀበላል፣ ከዚያ አታገኙትም። አልፈርድበትም።

በአገር ውስጥ ጥሩ ምሳሌ እንዳለን ያስታወሰኝ ከጤና ኮሌጅ የመጣ ባልደረባ ነው። የሕዝብና የጤና ክትትል ጣቢያዎችን አስቡ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 ቡታጅራ ላይ የጀመረው፣ ጎንደር በዳባት በ1996፣ ጅማ በግልገል ጊቤ በ2005፣ ሐረማያ በቀርሳ በ2007 የከፈቷቸው። ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ለዓመታት ይመዘገባል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ያለ ዳታ ማናጀር አንድ ወር አይቆምም፤ ስለዚህ ዳታ አስገቢው፣ የመስክ ተቆጣጣሪውና ዳታ ማናጀሩ ከመጀመሪያውም የሥራ መደብ ሆነው ታስበው ነበር። የምርምር ዳታ አያያዝ የሚለው ወግ እኛ ቤተ መጻሕፍት ሳይደርስ እነሱ ይሠሩት ነበር። እንግዲህ የምትጀምሩት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ ጣቢያ ወይም ትልቅ ፕሮጀክት ካለው አማካሪያችሁ እዚያ ቁጭ ብሎላችኋል። ወደ ኔዘርላንድስ ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ሻይ ጋብዙት።

የሰው ኃይሉን ጉዳይ እንዴት ፈታነው? አዲስ መደብ ለማስፈቀድ ብንጠብቅ ኖሮ ዛሬም እንጠብቅ ነበር። የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው ካለቀ በኋላ በመዋቅሩ ላይ አንድ መስመር ማስጨመር ምን እንደሚመስል የሰው ሀብት ሠራተኞችን ጠይቁ። እኛ ያደረግነው ያሉትን ሰዎች ሥራ መቀየር ነው። በቤተ መጻሕፍት አንድ ሰው በሙሉ ጊዜው አስተባባሪ ሆነ፤ የነበረበት መደብ ሳይነካ የሥራ ዝርዝሩ ብቻ በደብዳቤ ተለወጠ። ከአይሲቲ አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ተመደበ። ከየኮሌጁ ደግሞ አንድ አንድ መምህር የሦስት ክሬዲት አወር የማስተማር ጫና ቅናሽ ተደርጎለት የኮሌጁ ተጠሪ ሆነ። አንድ ጊዜ ሁሉም ኮሌጅ ላይ አልጀመርንም፤ በጤናና በግብርና ጀመርን፤ የውጭ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፣ ዳታ የሚጠይቅ ውልም የሚፈረመው እዚያ ነው።

ቅናሹን ያስፈቀደልን ክፍት ሳይንስ፣ ማለትም ምርምርና ዳታ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚለው ስብከት አልነበረም። ምክትል ፕሬዚዳንቷን ያሳመናቸው ሁለት ወረቀት ነው፦ አንደኛው ከውጭ አጋር የመጣ ውል ሲሆን «የዳታ ኃላፊ ስም» የሚል ባዶ ቦታ ነበረው፤ ሁለተኛው ዳታቸው የጠፋባቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያስገቡት የማራዘሚያ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ዩኒቨርሲቲውን የዶርምና የአማካሪ ክፍያ ያስወጣዋል። እሳቸውም «ይህን ቀድማችሁ ብታሳዩኝ ምን አለበት» አሉ።

ለምን መምህር እንደጨመርን ግልጽ ላድርግ፤ ከሁሉም በላይ የሚያከራክረን ይኸው ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የአስተዳደር ሠራተኛ ነው። መምህሩ ደግሞ አካዳሚክ ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ የደመወዝ ሰንጠረዥ ነው፤ በተግባር ግን የአስተዳደር ሠራተኛ ለአንድ ተባባሪ ፕሮፌሰር «ዕቅድዎ አልተሟላም» ብሎ መመለስ ይከብደዋል። አንድ ጊዜ ዕቅዱን መልሼ የላክሁላቸው አንጋፋ ተመራማሪ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ አንተ መጽሐፍ አውጣ፣ ምርምሩን ለኛ ተወው» አሉኝ። ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ከልባቸው ነው የገረማቸው። ጉዳዩን ለኮሌጁ ተጠሪ አስተላለፍኩት። እሱም «ዶክተር፣ ይቺን የስምምነት ቅጽ ብቻ አብረን እንያት» ብሎ ሄደ፤ አብረው አዩዋት፣ ተስተካከለች። ያንኑ ቃል እኔ ብናገረው ያው መልስ ይመጣ ነበር አልልም። ስለዚህ ቅጹን እኛ እናነባለን፣ አስተያየቱን እንጽፋለን፤ ከባዱን ንግግር የሚያደርገው ግን መምህሩ ነው።

ተጠሪ ስትመርጡ በስታትስቲክስ ጎበዝ የሆነውን ብቻ አትፈልጉ። ስታታ የሚባለውን የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የሚያውቅ መምህር ለባልደረቦቹ ትንተና ሲሠራ ይውላል፤ ሁለት ወር ሳይሞላው የኮሌጁ ነፃ ተንታኝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሌላ ሰው ዳታ ወርሶ ያጸዳ፣ በዚያም ተናዶ የሚያውቅ ሰው ይሻላል። የሥራ ዝርዝሩ ላይም «ትንተና አይሠራም» የሚል መስመር አስገብተናል፤ ያቺ መስመር ብዙ ጠብ አስቀርታልናለች።

የዕቅዱን ቅጽ በተመለከተ አጭር ይሁን። የውጭዎቹ ቅጾች ረጃጅም ናቸው፤ ሰው ከሌላ ገልብጦ ይሞላቸዋል። የኛ አንድ ገጽ ነው፤ ምን ዓይነት ዳታ፣ በማን ስም በተከፈተ አካውንት፣ ሁለተኛው ቅጂ የት፣ ማን ያየዋል፣ ስምምነቱ ምን ይላል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማን ይረከበዋል። ምርምር ቢሮው መኖሩን ያረጋግጣል፣ እኛ ይዘቱን እናነባለን፣ ሥነ ምግባር ቦርዱ ያለ እኛ ማህተም ፋይሉን አይከፍትም። ይህ የመጨረሻው እስኪፈቀድ ድረስ ዕቅድ የሚያመጣልን አልነበረም፤ ከተፈቀደ በኋላ ማስታወቂያ እንኳ አላስፈለገንም።

ማከማቻው በመጨረሻ መጣ፤ ቀላሉም እሱ ሆነ። መብራት በሚቆራረጥበት ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚለውን ደንብ ነው የያዝነው። ለሁሉም ሊታይ የሚችለው ዳታ ወደ ብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ሪፖዚተሪ (ማከማቻ) ወይም ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ወደሚያስተዳድረው ዜኖዶ የተባለ የኢንተርኔት ማከማቻ ይሄዳል፤ ዜኖዶ በአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ ይቀበላል፣ ቋሚ መለያ ቁጥርም ይሰጣል። ለአብዛኛው የኛ ጥናት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስም ያለበት ዳታ ግን ከግቢያችን አይወጣም፤ ተቆልፎ አይሲቲ ዘንድ ይቀመጣል፣ ቁልፉም ለሁለት ሰው ይሰጣል። ኤዲንብራ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 500 ጊጋባይት ይሰጣል፤ እኛ ያንን ሳናስብ የተጠየቀውን ያህል ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ቦታ አጥሮን እስካሁን የመለስነው ሰው የለም።

የቀረን ራስ ምታት ሰው ማቆየት ነው። ዳታ የሚያውቅ ሰው በዚህ አገር ሥራ አያጣም፤ የረድኤት ድርጅቶችና የጤና ፕሮጀክቶች ዩኒቨርሲቲ ከሚከፍለው በላይ ይከፍላሉ። መምህሩም ለፒኤችዲ ይሄዳል። ለዚህ ደመወዝ መጨመር አንችልም፤ ሰው ሲሄድ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ ማድረግ ግን ይቻላል። ኮቦ አካውንቶቹ ሁሉ በቢሮ ኢሜይል ተከፍተዋል፤ የጥያቄው ደብተር በማንም እጅ ሳይሆን በቢሮው ፋይል ነው፤ የተመለሱ ዕቅዶች ከነአስተያየታቸው ይቀመጣሉ፣ አዲስ የሚመጣው ሰው ሥራውን የሚማረው እነሱን በማንበብ ነው። የውጭ ፕሮጀክት ፕሮፖዛል ላይም የዳታ ባለሙያ ክፍያ እንደ አንድ የበጀት መስመር እንዲገባ ምርምር ቢሮው መጠየቅ ጀምሯል፤ አንዳንድ ገንዘብ ሰጪ ይቀበላል።

የቅናሹን ደብዳቤ ስታጽፉ በመምህሩ ስም አታጽፉት። «የኮሌጁ የዳታ ተጠሪ ሦስት ክሬዲት አወር ይቀነስለታል» ተብሎ ለቦታው ይጻፍ። የግብርናው ተጠሪ ለትምህርት ሲሄዱ አዲሷ መምህርት በዚያው ደብዳቤ በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ። የጤናው ደብዳቤ ግን ገና ከጅምሩ በሰው ስም ወጥቶ ስለነበረ ኮሌጁ ቅናሹ ከሰውየው ጋር ሄዷል ይላል፤ እሱን በአካዳሚክ ኮሚሽን በኩል እንደገና እያስጻፍን ነው።